ጉልበት ለጩኸት አይደለም

ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ሳሎኔ ገብቶ አዲሱን አምፕሊፋየር ባየ ጊዜ ሳቀብኝ። «ለአንዲት ጠባብ ቤት 100 ዋት? ጎረቤት ልታደነቁር ነው ወይስ ሠርግ ልትደግስ?» አለኝ። በዕለቱ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን መልሴን በአደባባይ ልስጠው፤ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና።

እኛ ጉልበትንና ጩኸትን አንድ አድርገን ማየት ለምደናል። ነጋዴውም በዚህ አግዞናል። በፕላስቲክ ቴፕ ግንባር ላይ «1000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ብሎ ሲለጥፍ ኖረ፤ ቁጥሩ ግን መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል አይናገርም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፅ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ግድ ይላል። ከ10 ዋት ወደ 20 ያደገ ሰው ኪሱን እንጂ ድምፁን ብዙም አልለወጠም።

ታዲያ ትርፉ ጉልበት ምን ይበጃል? ዜማ እንደ ሜዳ የተስተካከለ አይደለም፤ እንደ ስሜን ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአማካይ 5 ዋት የሚበቃው ዜማ፣ አንድ ብርቱ ምት ከአማካዩ 10 ዲሲቤል ከፍ ሲል ለቅጽበት 50 ዋት ይጠይቃል። ደካማው አምፕሊፋየር ያን ጊዜ የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ በዜማው ውስጥ ያልነበረ ሻካራ ድምፅ ይወልዳል፤ ሲበዛም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር እስከ ማቃጠል ይደርሳል። እንግዲህ የሚጮኸው ማን ነው? ደካማው አይደለምን?

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በዐቢይ ጾም የዓለሙ አጋን በገና ስከፍትላት «ጨምርልኝ» ትለኛለች። በገና 10 አውታር አለው፤ ያ ነዛሪ ድምፁ የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዚራዎቹ ነው። በአሮጌው 10 ዋት ስጨምርላት በንዝረቱ ላይ ሌላ ንዝረት ተደረበበት። «ይኼ እንዚራ አይደለም፤ ጣሳ ነው» አለችና አስጠፋችኝ። ደካማ የተባለው ጆሮዋ የመሣሪያውን ውሸት ከእኔ ቀድሞ ለየው።

ዋት ሁሉን ይፈውሳል አልልም። የተበላሸ ካሴት በ100 ዋትም የተበላሸ ነው፤ ባዶ ግድግዳው የሚያስተጋባ ክፍልም በዋት አይታረም። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 90 ዲሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ያለው ሰው፣ 84 ብቻ ከሚሰጠው ከእኔው ስፒከር ይልቅ ሩብ ኃይል ይበቃዋል፤ እርሱ ገንዘቡን ለመጽሐፍ ያውለው።

ለእኔ ግን 100ው አስፈለገኝ። ዛሬ እናቴ የምትሰማበት መጠን ያው የቀድሞው ነው፤ ምቱ ግን ሙሉ ነው፤ ጎረቤትም በሬን አላንኳኳም። ወዳጄ ሆይ፤ በሚመጣው ጾም ና፤ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥ። ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ዝምታ አብረሃት ስማ። ከዚያ በኋላ መሳቅ ካሻህ ሳቅ።