ደመና የሚያነብ ሠዓሊና ደቻቱ

የገጠር ሥዕል በእኛ ዘንድ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያና በየመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ የሚሰቀለው አንድ ዓይነት ነው፤ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ እንስራ ያዘለች ኮረዳ፣ ጭስ የሚወጣበት የሣር ጎጆ፣ ከበስተጀርባው አረንጓዴ ተራራ። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ድርቅ የለም፤ የተሸረሸረ መሬት የለም፤ ጎርፍም የለም። ከተሜው ገጠርን በዚህ መልክ ብቻ ስለሚያውቀው ከገጠሩ የሚመጣበትን አስቀድሞ ማየት ተስኖታል። ነገሩ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ማስረጃው ደቻቱ ነው።

ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ይዛቃል፤ ሰው ያቋርጠዋል፤ ዳርና ዳሩ ይነገድበታል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ጎርፉ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ ሺዎችንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ያ ውኃ የወረደው ከከተማዋ በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ደጋው ደኑ ተመንጥሮ፣ ተዳፋቱ ተራቁቶ፣ ዝናብ የሚይዝበት አቅም ካጣ ቆይቷል። ቆላው ላይ የተኛው ከተሜ ግን ቀና ብሎ ያንን ደጋ አላየውም ነበር።

እዚህ ላይ የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የጆን ኮንስታብልን ታሪክ ማንሳት ይጠቅማል። ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1776 በሰፎክ አውራጃ፣ በስቱር ወንዝ አጠገብ ተወለደ። አባቱ የወፍጮና የእህል ጀልባዎች ባለቤት የሆነ ነጋዴ ነበር፤ ልጁም የእርሱን ሥራ እንዲረከብ ይሻ ነበር። ወጣቱ በንፋስ በሚዞር ወፍጮ ላይ ሠርቷል። የእንዲህ ያለው ወፍጮ ሠራተኛ ሰማይን ማንበብ ግዴታው ነው፤ የንፋሱን አቅጣጫና የደመናውን ክብደት ካላወቀ ሥራው ይስተጓጎላል፣ ወፍጮውም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1799 ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ አካዳሚ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህን ዕውቀት ይዞ ነው የሄደው።

በዘመኑ የተከበረው ሥዕል የአማልክትና የጦር ጀግኖች ሥዕል ነበር። ኮንስታብል ግን የአባቱን ወፍጮ፣ የቦዩን መዝጊያ፣ ጀልባ የሚጎትተውን ፈረስ፣ የበሰበሰውን ግንድ ሣለ። እ.ኤ.አ. በ1821 ለዕይታ ያቀረበው፣ በፈረሶች የሚጎተት የድርቆሽ ጋሪ ወንዝ ሲሻገር የሚያሳየው ትልቅ ሸራ በአገሩ ገዢ አላገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ሲታይ ግን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት። የአካዳሚው ሙሉ አባል ሆኖ የተመረጠው በ52 ዓመቱ ነው፤ ባለቤቱ ማሪያ በሳንባ ነቀርሳ ከሞተች ጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 አረፈ።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ግን ያለው በትንንሾቹ ሥራዎቹ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሃምስቴድ በተባለው የለንደን ዳርቻ ኮረብታ ላይ እየቆመ በርካታ የደመና ንድፎችን ሠርቷል። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የንፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ጠባይ ጽፏል። ለኮንስታብል ሰማይ የሥዕሉ መጋረጃ አልነበረም፤ ምድር ላይ የሚሆነውን ሁሉ የሚወስን ኃይል ነበር። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ያጣችው ይህን ዓይን ነው፤ በደጋው ላይ የከበደውን ደመና ከቆላው ሰው ዕጣ ጋር አገናኝቶ የሚያይ ዓይን።

ሠዓሊውን ግን ያለ ነቀፋ ልናወድሰው አይገባም። የድርቆሽ ጋሪው ሥዕል በታየ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1822፣ በሰፎክ ደመወዝ ያነሳቸውና ሥራ ያጡ የእርሻ ሠራተኞች የእህል መውቂያ ማሽኖችን ይሰባብሩ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ ሣር አጫጆቹ በሩቅ ሜዳ ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይታያሉ፤ ፊት የላቸውም። ወንዙን እንደዚያ አቅርቦ ያየ ሰው ረሃብተኛውን ጎረቤቱን በሩቁ አስቀረው። በፖለቲካውም የፓርላማ ማሻሻያውን የተቃወመ ወግ አጥባቂ ነበር። እንግዲህ መሬቱን ማየት ብቻውን አይበቃም፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረውንም ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁለተኛውን ማየት ከሩቅ አገር መዋስ አያስፈልገንም። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት ከተከፈተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው እሸቱ ጥሩነህ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወሎን ረሃብ ሰለባዎች በትልቅ ሸራ ላይ ሲያቀርብ ገበሬውን ከጌጥነት አውጥቶ በፊታችን አቆመው። ከዚያም በፊት፣ እጅግ በጥንት ዘመን፣ በዚያው በደቻቱ ሸለቆ ላይ ቀለም ይዘጋጅ ነበር። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከወንዙ በላይ ከፍ ብሎ በሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ ተመራማሪዎችም 40 ሺህ ዓመት ገደማ ካስቆጠረው አፈር ውስጥ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከ4,200 በላይ የቀይና የቢጫ ቀለም ድንጋይ ቁርጥራጭ አግኝተዋል። ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው ለገ ኦዳ ደግሞ ስማቸውን የማናውቃቸው ሠዓሊዎች ከብቶቻቸውን በዓለት ላይ ሥለው ትተውልናል። እነዚያ ሰዎች የኖሩበትን ዓለም በትኩረት አይተውታል።

ሥዕል ጎርፍ አይገድብም የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው። ጎርፉን የሚገድበው እርከንና ደን፣ ከወንዝ ዳር የራቀ ቤት፣ በሰዓቱ የሚደርስ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ነገር ግን መንግሥት በጀት የሚመድበው ዓይኑ ለገባው ነገር ነው። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የድንጋይና የሲሚንቶ ግንብ ቆመ፤ ግንብ ለሁሉም ይታያል፣ ሪባንም ይቆረጥለታል። የደጋው ገበሬ ተዳፋት ግን ከከተማ ሆኖ ለሚያይ አይታይም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ዳግም የሰው ሕይወት ሲያጠፋ ችግሩ ከግንቡ በላይ እንዳለ ሊገባን ይገባ ነበር።

ስለዚህ ከባለሥልጣኖቻችንም ሆነ ከሠዓሊዎቻችን የምንጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ነው። ሠዓሊው አረንጓዴውን ተራራ ከመድገሙ በፊት ተራራው ዛሬም አረንጓዴ መሆኑን ሄዶ ይመልከት። ባለሥልጣኑም የወንዙን ጉዳይ ሲያነሳ ከድልድዩ ላይ ቁልቁል ማየቱን ትቶ፣ ወደ ደንገጎ ቀና ብሎ፣ እዚያ የሚያርሰው ሰው ዛፍ ከመቁረጥ ሌላ ምን መተዳደሪያ እንዳለው ይጠይቅ። የደጋው ሰው ኑሮ ካልተቃና የቆላው ሰው እንቅልፍ አይቃናም።

ክረምቱን የሰላም ያድርግልን።