አራት ነጥብን የማያውቅ ደብተር፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ሁለት የተማሩ ሐበሾች ስለ አማርኛና ስለ ኮምፒውተር ማውራት ከጀመሩ ጨዋታው ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ ይታወቃል። አንደኛው «አማርኛ እኮ ለኮምፒውተር አይመችም» ይላል። ሌላው «ፈረንጆቹ መቼ አስበውልን ያውቃሉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በማግስቱ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ሥራቸውም ብዙ ጊዜ ሌሎች በነፃ ጽፈው፣ በነፃ አርመው፣ በነፃ ባከፋፈሉት ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። ወቀሳው በአማርኛ ይቀራል፤ እንጀራው በእንግሊዝኛ ይጋገራል። ይህ ወግ ከእውነት የራቀና ጎጂ ነው። ቋንቋውን ለኮምፒውተር የማይመች ያደረገው ፊደሉም ፈረንጁም ሳይሆን የተጠቃሚው ዝምታ ነው።

ነገሩን በአንድ መሣሪያ ላይ ማየት ይበጃል። ኦርግ ሞድ የሚባል የማስታወሻና የሰነድ ማዘጋጃ አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ፣ አምስተርዳም ውስጥ የሚሠራ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለራሱ ሥራ ብሎ ጀመረው። ዛሬ ኢማክስ ከተባለው የቆየ የጽሑፍ ማረሚያ ጋር አብሮ ይመጣል። ዋጋ የለውም፤ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚጠብቁትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሁሉን ነገር በተራ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ከመስመሩ መጀመሪያ ኮከብና ክፍተት ካስቀደሙ መስመሩ ርዕስ ይሆናል፤ አንድን ቃል በሁለት ኮከቦች መካከል ካስገቡ ቃሉ ይደምቃል፤ በቀጥታ መስመር ከከፋፈሉ ሠንጠረዥ ይወጣል። ያው ፋይል ሲፈለግ ወደ ፒዲኤፍ፣ ሲፈለግ ወደ ድረ ገጽ ይለወጣል።

ተራ ጽሑፍ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ መልሱ ያለው እድሮቹ ቤት ነው። በኮልፋክስም ሆነ በሃቫና ጎዳና ዙሪያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ እድር አለው፣ ማኅበር አለው፣ ሰበካ ጉባኤ አለው፣ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥርበት ክፍል አለው። እነዚህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ፣ መዋጮ ይመዘግባሉ፣ የሟች ስም ይጽፋሉ። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህ የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ቅርጸ ፊደሉ ከሌለ ዛሬ ያ ሰነድ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ነው። የአንድ ማኅበር የአሥር ዓመት ታሪክ አንድ ቅርጸ ፊደል ከኮምፒውተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዩኒኮድ የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ግን የማንም ኩባንያ ፈቃድና ዕድሜ አያስፈልገውም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ በየትኛውም መሣሪያ ይከፍተዋል። የተያዘው ጉዳይ የጥቂት ባለሙያዎች ቅንጦት ሳይሆን የስደተኛው ማኅበረሰብ መዝገብ ነው።

ታዲያ አማርኛ ጸሐፊው ኦርግ ሞድን ከፍቶ ሲጽፍ ምን ይገጥመዋል? ርዕሱ ይሠራል፤ ዝርዝሩ ይሠራል፤ የሥራ ምልክቱን እንኳ «የሚሠራ» እና «ተሠርቷል» ብሎ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ከዚያ አንድ ቃል ማድመቅ ይፈልግና *መዋጮ*። ብሎ ይጽፋል። ቃሉ አይደምቅም። ኮከቦቹም እንዳሉ ይታያሉ። ጸሐፊው ደጋግሞ ይሞክራል፣ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ በመጨረሻም «አማርኛ አይቀበልም» ብሎ ይደመድማል።

ድምዳሜው ስህተት ነው። የኦርግ ሕግ የሚለው ይህን ነው፦ ከመዝጊያው ኮከብ በኋላ ክፍተት፣ የመስመር መጨረሻ ወይም በዝርዝር ከተቀመጡት ሥርዓተ ነጥቦች አንዱ መምጣት አለበት። በዝርዝሩ ውስጥ የላቲኑ ነጥብ አለ፣ የላቲኑ ሰረዝ አለ፣ ጥያቄ ምልክትና ቃለ አጋኖ አሉ። አራት ነጥብ የለም። ነጠላ ሰረዝ የለም። ድርብ ሰረዝም የለም። ስለዚህ *መዋጮ*? ብሎ የጠየቀ ሰው ቃሉ ይደምቅለታል፤ *መዋጮ*። ብሎ የመለሰ ግን አይደምቅለትም። የተረሳው ጥቂት ነጥብ ነው እንጂ ቋንቋው አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይጠልቃል። አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም ያስረዝማል። «የመዋጮውን» ሲባል ከፊት «የ»፣ ከኋላ «ውን» ተጣብቀዋል። ጸሐፊው መካከሉን ብቻ ላድምቅ ቢል ኦርግ አይፈቅድም፤ ምልክቱ ከቃል ዳር እንጂ ከቃል መካከል አይገባም ብሎ ያምናልና። ማርክዳውን የሚባለው ሌላው የተራ ጽሑፍ ሥርዓት፣ በተለይ ኮመንማርክ በተባለው ደንቡ፣ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ በኮከብ የታሰረን የቃል ክፍል ያደምቃል፣ አራት ነጥብንም እንደ ሥርዓተ ነጥብ ያውቃል። ይህም የሚያሳየው ነገሩ የሚቻል መሆኑን ነው። አንዱ ቤት የተፈታ ችግር በሌላው ቤት የተፈጥሮ ሕግ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ባዕዳን ናቸው። በእድሩ መዝገብ «ኃይሌ» ተብሎ የተጻፈ አባል «ሀይሌ» ተብሎ ሲፈለግ የለም። መዋጮውን የከፈለ ሰው ያልከፈለ ይመስላል። የሚያስገርመው ኢማክስ የዓለምን ቋንቋዎች ሰላምታ ደርድሮ በሚያሳይበት ገጽ አማርኛው «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፎ ኖሯል፤ በግዕዙ አጻጻፍ የሚገባው እሳቱ ነው። «ሰላም» ብሎ የሚፈልግ አማርኛ ተናጋሪ የገዛ ሰላምታውን አያገኘውም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኢማክስ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጭረት ያለበትንና የሌለበትን የላቲን ፊደል አንድ አድርጎ የሚፈልግበት መንገድ አለው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው የራሱን ጥንዶች መጨመር ይችላል። ሞክሼ ፊደላትን እዚያ ማስገባት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ በትግርኛ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የየራሳቸው ድምፅ አላቸውና ለአማርኛ የተሠራው በትግርኛ ላይ መጫን የለበትም። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ማነው? አምስተርዳም ያለው ሰው ሳይሆን ኦሮራ ያለው ነው።

አራተኛው ፒዲኤፍ ነው። ኦርግ ሰነዱን የሚያሳልፈው በላቴክ በኩል ሲሆን በተለመደው ቅንብር የሚመጣው የቆየ ሞተር የኢትዮጵያን ፊደል አያውቅም። ወደ ሉዋላቴክ ወይም ወደ ዚላቴክ ለውጦ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነፃ ቅርጸ ፊደል መሰየም ይበቃል። ሁለት ሦስት መስመር ነው። ነገር ግን ያንን መስመር በአማርኛ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ካልተገኘ፣ አዲሱ ሰው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብልጡ ተጠቃሚ ይነሣል። «ለአራት ነጥቡ ችግር መላ አለኝ» ይላል፤ በኮከቡና በነጥቡ መካከል ዓይን የማያየው፣ ስፋት የሌለው ክፍተት ያስገባል። ቃሉ ይደምቃል። የኦርግ መመሪያም ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ግን ያ የማይታይ ምልክት በፋይሉ ውስጥ ይኖራል። ሰነዱ ለሌላ ሰው ሲላክ፣ ቃል ከነነጥቡ ሲፈለግ፣ ወደ ሌላ መሣሪያ ሲገለበጥ ማንም ያላየው እንቅፋት ይሆናል። ሌላው ብልጥ ደግሞ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሕጉን ለውጦ ይገላገላል፤ ፋይሉን አዳማ ላለች እህቱ ሲልክላት ግን ኮከቦቹ ተመልሰው ይታያሉ። ይህ የየግል ብልጠት ነው የአማርኛን ጉዳይ ሠላሳ ዓመት ያስቀመጠው። ሁሉም የየራሱን ጣሪያ ይደፍናል፤ የጋራው አዳራሽ ያፈስሳል።

«ፈረንጆቹ መቼ አስበውልን ያውቃሉ?» ለሚለው ታሪኩ ሌላ ነው። በኢማክስ ውስጥ ፊደል መጻፊያውን ያበጀው ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ነው። የአማርኛን ድምፅ በላቲን ፊደል እየጻፉ ወደ ፊደል የሚለውጡበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ያወጡት ደግሞ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ናቸው። ጃፓናዊው የሠራው ሐበሾቹ በጽሑፍ ባወጡት ሥርዓት ላይ ነው። ኢማክስ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ጭምር ያውቃል፤ መስከረም 1 መቼ እንደሚውል ይናገራል። ደጁ ተዘግቶ አያውቅም ማለት ነው። ያንኳኳ ሁሉ ገብቷል።

ኮሎራዶም በዚህ ታሪክ ባዶ እጇን አይደለችም። በእንስሳት ሕክምና ሳይንስ የሠለጠኑት ዶክተር አበራ ሞላ የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የደከሙት እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ሞዴት የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ በኋላም ግዕዝኤዲትን አውጥተዋል፤ ለፊደል አከታተብ ዘዴያቸውም የአሜሪካ ፓተንት ወስደዋል። ማንም ባላሰበበት ዘመን መነሣታቸው ሊመሰገን ይገባል። መንገዱ ግን ክርክር ይፈልጋል። ፈጣሪ የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ፍትሕ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት በር በባለቤትነት ወረቀት ሲጠበቅ፣ ከኋላ የሚመጣው ወጣት ሥራውን አንሥቶ ማሻሻል አይችልም፤ እንደገና መጀመር አለበት። ሴራ ሌላ ሰው አንሥቶ ስለሠራበት ዛሬም በኢማክስ ውስጥ አለ። ከእሱ ወዲህ የተዘጉ ስንት የአማርኛ መጻፊያዎች መጥተው ከባለቤቶቻቸው ጋር ሄደዋል።

ተቃውሞዎቹ ይታወቃሉ። «ዛሬ ሰው የሚጽፈው በስልክ ነው፤ ኢማክስን ማን ይከፍታል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሞክሼ ፊደላት ችግር በስልኩም አለ፤ አንድ ቦታ በግልጽ ተጽፎ የተፈታ ነገር ለሌላው ይገለበጣል፤ ተዘግቶ የተፈታው አይገለበጥም። «ጠባቂዎቹ አይቀበሉንም» ይባላል። ሊሆን ይችላል። ሕጉን መለወጥ የሌሎችን ፋይል ስለሚነካ ይጠነቀቃሉ፤ በቃላት መካከል ክፍተት የማይጠቀሙት ቻይናውያንና ጃፓናውያንም ከዚሁ ሕግ ጋር ይጋጫሉ። እንግዲህ የአማርኛ ተናጋሪው ብቻውን አይደለም ማለት ነው፤ አብሮ የሚጮህ ጎረቤት አለው። ሳይጠይቁ ተከለከልን ማለት ግን ክርክር አይባልም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል አገሬው። «ጊዜ የለም» የሚለው የመጨረሻው ነው። በኦርግ ሥርዓት ከአሥራ አምስት መስመር የማይበልጥ ማስተካከያ የባለቤትነት ውል እንኳ ሳይፈረምበት ይገባል። አራት ነጥብን ወደ ዝርዝሩ ለማስገባት የሚቀርብ ሐሳብ ከዚህ ያነሰ ነው።

የሚያስፈልገው ጀግንነት አይደለም። ችግር ሲገጥም ኢማክስን ያለ ምንም የግል ቅንብር ከፍቶ መሞከር፤ ችግሩ አሁንም ካለ ምን እንደተጻፈ፣ ምን እንደተጠበቀ፣ ምን እንደታየ፣ የመሣሪያው ዕትም ስንት እንደሆነ በአራት መስመር መላክ። ፕሮግራም የማያውቅ የአማርኛ መምህር «ማውጫ»፣ «የግርጌ ማስታወሻ»፣ «ሠንጠረዥ» የሚሉትን ቃላት ለሰነዱ መሙላትና ማረም ይችላል። ሽማግሌው የትኛው ስም በየትኛው ሐ እንደሚጻፍ ይናገራሉ። በዴንቨር ቴክ ሴንተር የሚሠራው ኢንጂነር ያንን ወደ ኮድ ይለውጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ዴንቨር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ ኦሮራም ከአዳማ ጋር ተጎዳኝታለች። አክሱም ላይ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆመው የኢዛና ድንጋይ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ተጽፎ ዛሬም ይነበባል። የጻፉት ሰዎች የግሪኩ ድንጋይ ጠራቢ መጥቶ ግዕዙን እስኪቀርጽላቸው አልጠበቁም። እድሩን ለመቅበሪያ የሚያዋጣ ሕዝብ ስሙን ለሚያኖርለት ደብተር አራት መስመር ማዋጣት አያቅተውም። ካቃተው ግን ጥፋቱን በፊደሉ ላይ ማላከኩን ይተው።