ክብሪት የማያድነው ሕመም

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ አንድ ወጣት በድንገት ወድቆ መንፈራገጥ ሲጀምር ግማሹ ሰው ሸሸ፤ የቀረው ክብሪት እየጫረ ጭሱን ያሸትተው ጀመር። አረፋው ይጋባብናል ብለን ስለፈራን ግን ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ላይ ያነሳለት አልነበረም። ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከታቦር ተራራ ነው። ወንጌሉ እንደሚተርከው ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ ሲወርድ ያገኘው፣ ልጁ እሳትና ውኃ ውስጥ እየወደቀ ያስቸገረውን አባት ነበር። ዛሬም በደቡብ ጎንደር ደጋ ምድጃው ያለው ወለል ላይ ነው፣ ውኃውም የሚቀዳው ከወንዝ ነው። አደጋው አልተለወጠም። የተለወጠው መድኃኒት መገኘቱ ነው።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም እንጂ በምራቅ የሚተላለፍ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የቡታጅራ ገጠር ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ሕሙማን እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታልም ውድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ውስጥ አይደለም።

በእኔ እምነት ዋናው ችግር መቋረጡ ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ለዓመታት የሚወሰድ ነው። ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ታማሚው ጠበል ሲገባ ሲያቋርጠው ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፤ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ጠበሉና ኪኒኑ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ይህን ለምእመኑ ለማስረዳት ከካህናቱ የተሻለ ሰው የለም። አቅርቦቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ግን የመንግሥት ኃላፊነት ነው።

የእኛ ድርሻ ቀላል ነው። የወደቀውን ሰው ከእሳት፣ ከውኃና ከስለት ማራቅ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ኮት ማድረግ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ማላላት፤ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛትና እስኪነቃ አብሮ መቆየት። በኃይል መያዝ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት፣ ውኃ ማጠጣትና ክብሪት ማሽተት ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውም። ሰዓት መመልከትም ያሻል፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

የተማርን ነን የምንል ሰዎች ይህን በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤቱ ብናስተምር፣ ቀጣዩ ወጣት በሸሸ ሕዝብ መካከል ብቻውን አይወድቅም።