የቤትን ጎደሎ ለጌታ መንገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመለከተው አንዲት የቤት እመቤት ከንስሐ አባቷ ጋር የተነጋገረችውን ነገር ነው። ይህች እናት በየማለዳው ተነሥታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም የምታደርስ፥ ጾሙንና በዓሉን የምታከብር፥ ልጆቿንም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የምታሳድግ ናት። ባለቤቷ ከሥራው ከተሰናበተ ወራት አልፈዋል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን በተቃረበ ቍጥር እንቅልፍ ታጣለች፤ የልጆቹም የትምህርት ቤት ክፍያ ውዝፍ ሆኗል። ንስሐ አባቷም፥ «ልጄ፥ ይህንን በጸሎትሽ ጊዜ ለእግዚአብሔር ነግረሽዋልን?» ብለው ጠየቋት። እርሷም፥ «አባቴ፥ ይህማ እንዴት ይሆናል! ስለ ነፍሴ መዳንና ስለ አገር ሰላም እለምናለሁ እንጂ በቤት ኪራይ ፈጣሪን ማስቸገር ድፍረት ይሆንብኛል» ስትል መለሰች።

ይህ መልስ ላይ ላዩን ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ጌታችን አስቀድመን መንግሥቱን እንድንሻ ማዘዙም እውነት ነው። ነገር ግን «አስቀድሞ» ማለት የነገሩን ተራ ያመለክታል እንጂ ሁለተኛውን ነገር አይከለክልም። እርሱ ራሱ ባስተማረን በአባታችን ሆይ ጸሎት፥ የመንግሥቱን መምጣት ከለመንን በኋላ፥ የኃጢአታችንንም ስርየት ከመለመናችን በፊት፥ የዕለት ምግባችንን እንለምናለን። እንጀራ በዚህ ታላቅ ጸሎት መካከል ስፍራ ከተሰጠው፥ ስለ እንጀራ መለመን ነውር ሊሆን እንደማይችል የታወቀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ሌላ ነገር አለ። ጭንቀት ማደሪያ ሳይፈልግ አይቀርም። ወደ እግዚአብሔር ያልወሰድነው ጭንቀት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ንስሐ አባቷ ደጋግመው በጠየቋት ጊዜ ይህች እናት እያለቀሰች እንደ ተናገረችው፥ በየምሽቱ ከባለቤቷ ጋር በትንሹም በትልቁም ትጣላ ነበር፤ አንድ ቀንም ጎረቤቷ መክራት ስኒ ገልብጠው ዕድል እንነግራለን ወደሚሉ ሰዎች ቤት ሄዳ ነበር። በዚያም ስለ ኪራዩ፥ ስለ ባሏም ሥራ አንድም ሳታስቀር ተናግራለች። እንግዲህ ለፈጠራት አምላክ ለመናገር ያፈረችውን ለጠንቋይ ሳታፍር ነገረችው ማለት ነው። ብዙ ምእመናን በጠንቋይ ደጅ የሚገኙት እምነታቸውን ፈጽመው ክደው አይደለም፤ ትንንሹ ጉዳይ ለእግዚአብሔር የማይነገር ስለሚመስላቸው ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ግን እንዲህ አላስተማረችንም። በሊጦን ጸሎቷ ስለ ሕሙማን፥ ስለ መንገደኞች፥ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ ትለምናለች። ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ዘመነ ክረምት ሲገባም የዘሩንና የደመናውን ነገር በዜማዋና በምንባቧ ታነሣለች። በገበሬው እርሻ ውስጥ ስለ ተቀበረችው ቅንጣት የምትጸልይ እናት፥ ስለ ልጆቻችን ምሳ ብንለምን እንዴት ትከለክለናለች?

የነቢዩ የኤልሳዕ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ አጠገብ እንጨት ሲቈርጡ ከእነርሱ የአንዱ ምሳር ከውኃው ውስጥ ወደቀ። ያም ሰው እጅግ ደነገጠ፤ ምሳሩ የራሱ አልነበረምና፥ ተውሶት ነበር። ይህ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ ድኻው በባለ ንብረቱ ፊት እንዳያፍር የሚጨነቅበት የአንድ ብረት ነገር ነው። ነቢዩ ግን አልናቀውም፤ በእግዚአብሔር ኃይል ብረቱ ተንሳፈፈ። ከውኃው ያነሣው ግን ያው ሰው በገዛ እጁ ነው።

ስለ ዕለት ኑሯችን እንዴት እንደምንጸልይ ፈጽሞ የምንማረው ደግሞ ከቃና ዘገሊላ ሰርግ ነው። ሊቃውንት ድርጊቱ የተፈጸመው በየካቲት 23 ቀን መሆኑን ሲናገሩ፥ የውኃው በዓል ከውኃው በዓል ጋር እንዲውል ከጥምቀት ማግስት ጥር 12 ቀን ይከበራል። በዚያ ቤት የታጣው ወይን ጠጅ ነበር። ማንም አልታመመም፥ ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን ድግስ ደግሶ መጠጥ ማለቅ ለባለ ቤቶቹ ምን ያህል ኀፍረት እንደ ሆነ፥ ድግስ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይረዳዋል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፤ እመቤታችን የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርታ ለልጇ ነገረችው። ቃል አላበዛችም፥ ዙሪያ ጥምጥምም አልሄደችም። እኛም በጸሎታችን ላይ «አቤቱ፥ ጉዳዬን ታውቃለህ» ብለን ብቻ ከማለፍ፥ ኪራዩን ኪራይ፥ ሕመሙን ሕመም ብለን እንንገረው። እርሱ ሳንነግረው ያውቃል፤ የምንነግረው እኛ ልጆች መሆናችንን እንድናስብ ነው።

ሁለተኛ፤ እንዲህ አድርግ፥ በዚህ ሰዓት አድርግ ብላ አላዘዘችውም፤ አገልጋዮቹን ግን ለቃሉ እንዲታዘዙ አሳሰበቻቸው። መንገዱን መምረጥ የእርሱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋውን ስለሚወጋው ነገር 3 ጊዜ ለመነ፤ ያ ነገር አልተነሣለትም፥ የሚችልበት ጸጋ ግን ተሰጠው። ስለዚህ የለመንነው ሁሉ እንደ ለመንነው ባይሆን ጸሎታችን ወደ መሬት ወደቀ አንበል።

ሦስተኛ፤ አገልጋዮቹ ውኃ ቀዱ። በዚያ 6 የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱም 2 ወይም 3 እንስራ ይይዝ ነበር። ሁሉንም እስከ አፋቸው ለመሙላት ከ12 እስከ 18 እንስራ ውኃ መቅዳት ያስፈልጋል ማለት ነው። ውኃውን ወይን ማድረግ የጌታ ሥራ ነው፤ ውኃውን መቅዳት ግን የሰው ድርሻ ነበር። ሥራ የሚለምን ሰው ሥራ ይፈልግ፤ ጤና የሚለምን ሰው የሐኪሙን መድኃኒት በሰዓቱ ይውሰድ፤ ሰላም የሚለምን ባልና ሚስት አስቀድሞ ይቅር ይባባል።

«ለጸሎት ጊዜ ከየት ይገኛል?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን በቀን 7 የጸሎት ጊዜያት ሠርታልናለች፤ የቻለ ሁሉ ይጠብቃቸው። ያልቻለ ግን ነህምያን ያስብ። የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሳለ፥ ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ፥ በጥያቄውና በመልሱ መካከል በልቡ ጸለየ። እንዲሁ በምድጃ አጠገብ፥ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ፥ በሕመምተኛ አልጋ ዳር አንድ አጭር ልመና ማቅረብ ይቻላል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። ያች እናት ስለ ሄደችበት መንገድ ንስሐ ገባች። ንስሐ አባቷ በመከሯትም መሠረት ባለቤቷን ጠርታ፥ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆመው በአንድነት ጸለዩ። እርሷም ፍርሃቷን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለጌታ ነገረች። ባለቤቷ በየምሽቱ እንደ ወቀሳ ይሰማው የነበረውን ነገር በዚያች ሌሊት እንደ ጸሎት ሰማው፤ እርሱም አለቀሰ። ኪራዩ በማግስቱ ከሰማይ አልወረደም። ሁለቱም በማግስቱ ወደ ቤቱ ባለቤት በአንድነት ሄደው ጊዜ ለመኑ፤ እርሱም አንድ ወር ታገሣቸው። ባልየውም ከቀድሞው ዝቅ ያለ ነው ብሎ ትቶት የነበረውን ሥራ ተቀበለ። ዛሬም ኑሯቸው ጠባብ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቤት የምሽት ጠብ ቀርቷል፥ የምሽት ጸሎት ተተክቷል።

ክርስቲያኖች ሆይ፤ ዛሬ ማታ በቤታችሁ የጎደለው ምንድር ነው? እመቤታችን በቃና እንዳደረገችው፥ ስሙን ጠርታችሁ ለልጇ ንገሩት፤ በማግስቱም እንስራችሁን አንሡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።