የጭስ ማውጫው ጎማና የውኃው ድርሻ

በበዴሳ ከተማ በገበያ ቀን መብራት ሲጠፋ ከየሱቁ የሚነሣውን የጄኔሬተር ጩኸት የማያውቅ የአካባቢው ነዋሪ የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሆነ ፀጉር ቤቱ ገበያተኛው ሳይበተን ሥራውን ለመጨረስ ትንሿን ሞተር ያስነሣል። እኛም አንድ ጊዜ የፈተና ወረቀት ለማባዛት በገባንበት ሱቅ ጄኔሬተሩ በጓዳ ተቀምጦ፣ በጭስ ማውጫው አፍ ላይ የውኃ ጎማ በሽቦ ታስሮ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ተስቦ አየን። ጎማው በሞተሩ በኩል ቀልጦ ተሰነጣጥቋል። ባለሱቁ ይህን አላጣውም። «ቶሎ ቶሎ ይቀልጣል፤ እንቀይረዋለን። ሥራ ግን ማቆም አንችልም» አለን። ወጣቱ ረዳት በበኩሉ ከቀትር በኋላ ራሱን እንደሚያመው፣ ወባ መስሎት ሁለት ጊዜ ደሙን ተመርምሮ ምንም እንዳልተገኘበት ነገረን።

ይህን የምንጽፈው ባለሱቁን ለመውቀስ አይደለም። ጭስ ሰው ካለበት ቤት መውጣት አለበት ብሎ ማሰቡ ትክክል ነው፤ ሥራ ሳያቋርጡ ለመጠገን መፈለግም የሚያስነቅፍ አይደለም። ስሕተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እርሱን አጥርቶ ለማየት የሞተር ጭስ በእርግጥ በጎማ የሚጓዝበትን አንድ መሣሪያ መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም ባለሸራ ጀልባ ነው።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር በሌላት አገር፣ ያውም በወላይታ፣ ስለ ባለሸራ ጀልባ ማንሣት ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ሆኖም የዳሞት ወይዴን ምሥራቃዊ ወሰን ይዞ የሚወርደው የብላቴ ወንዝ የሚገባው ወደ አባያ ሐይቅ ነው፤ በአባያ ላይም የሞተር ጀልባ ይሄዳል። ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለው ዓይነት ሞተር ጭሱን በቀጥታ ወደ ውኃው ስለሚለቅ ጎማ አያሻውም። የባሕር ባለሸራ ጀልባ ግን ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ሲገባ የሚያግዘውን የናፍጣ ሞተር የሚይዘው በሆዱ ውስጥ፣ ሰው ከሚቀመጥበትና ከሚተኛበት ወለል ሥር ነው። ጭሱም ከዚያ ተነሥቶ በመኝታው ሥር አልፎ እስከ ጀልባው የኋላ ጫፍ መጓዝ አለበት።

ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለካ ሙቀት አለው። ይህን የሚችል ጎማ የለም። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ሞተሩን ያቀዘቀዘውን የባሕር ውኃ፣ ጭሱ ከሞተሩ ወጥቶ በሚታጠፍበት ክርን ላይ ከጭሱ ጋር ማደባለቅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ክብደት ላለው ጭስ ግን ከ1 ኪሎ ጁል ጥቂት የሚበልጥ ይበቃዋል። ከውኃው የሚተንነውም ክፍል በኪሎ ግራም 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ጭሱ በቅጽበት ይበርዳል፤ ከውኃው ጋር ሆኖም በሽቦና በጨርቅ በተጠናከረ ጎማ ውስጥ ይሄዳል። በመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀምና ከውኃው ወለል በላይ ከፍ ብሎ በታጠፈ አንገት አልፎ በኋላ በኩል ይተፋል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንሻው ጎማው ጭሱን የሚችለው ውኃው ስላለ ብቻ መሆኑን ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ ውኃው ቢቋረጥ ያ ውድ ጎማ ራሱ በጥቂት ደቂቃ ይቃጠላል።

እንዲህ ያለው ጎማ ሲያረጅ ጀልባውን በማንሻ ወደ የብስ አውጥቶ መቀየር ይመረጣል። ማንሻ ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ በየወደቡም አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ባለጀልባ ጎማውን የሚቀይረው ጀልባው እንደተንሳፈፈ ነው፤ ልክ የበዴሳው ባለሱቅ ሱቁን ሳይዘጋ እንደሚጠግነው ማለት ነው። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ባለጀልባው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። የባሕሩን ውኃ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መዝጊያ ይዘጋል፤ ማንም ረስቶ እንዳያስነሣው የሞተሩን ቁልፍ በመዝጊያው ላይ ያንጠለጥላል። በሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ውኃ ያንጠፈጥፋል። የጭሱ መውጫ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከውኃው በላይ ቢሆንም ሁለት ሰው ለሥራ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ጀልባው በዚያ በኩል ይዘቅጣል፤ ሌላ ጀልባ ሲያልፍም ማዕበል ይመጣል። በመሆኑም ቀዳዳውን ከውጭ ጫፉ ሾጣጣ በሆነ እንጨት ይወትፋል። ጎማው ገና አልተነካም፤ የሥራው እኩሌታ ግን አልቋል።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረን ጎማ በጉልበት መጎተት የሚገባበትን አንገት ይሰብራል፤ ስለዚህ በቢላዋ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይላጣል። አዲሱ በአሮጌው ልክ ይቆረጣል። የውስጥ ስፋቱ ከቀድሞው ቢጠብብ ጭሱ ወደ ሞተሩ መልሶ ስለሚገፋ ጉልበት ይቀንሳል። ጫፉ በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፣ በሳሙና ውኃ ይንሸራተታል፤ ዘይት ጎማን ስለሚጎዳ አይቀባም። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ማጥበቂያ ቀለበት ይገባል፤ አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛልና። በመጨረሻም ውታፉ ይነቀላል፤ መዝጊያው ይከፈታል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ከኋላ ውኃ መትፋቱና ከመጋጠሚያዎቹ አለመንጠባጠቡ ይታያል። ሞተሩ እምቢ ካለ ደጋግሞ መሞከር ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ፓምፑ የሚያስገባውን ውኃ የሚገፋ ጭስ ስለማይኖር ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።

ውኃ መስመጥን ያመጣልና ሁሉም ይፈራዋል። ከጎማው የሚያመልጠው ጋዝ ግን አይታይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምና ሽታ የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይጣበቃል። ስኮትላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ሆልዴን ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ የተሰማውን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. አሳትሟል። በአገራችን የዚህ ጋዝ ጠባይ የሚታወቀው ከሰል ተያይዞ በተዘጋ ቤት በሚደርሰው ሞት ነው። «ጭሱ ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ይቀመጣል» የሚለው ልማዳዊ አስተሳሰብም እውነት አይደለም፤ ጋዙ ከአየር በጥቂቱ የቀለለ ስለሆነ በቤቱ ሁሉ ይዳረሳል። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና ድካሙ ወባ ይመስላል፤ ነገር ግን ትኩሳት አይኖረውም፤ ታማሚው ከቤት ወጥቶ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ይሻለዋል፤ በአንድ ቤት የሚሠሩትም አብረው ይታመማሉ። ከናፍጣ ሞተር ይልቅ ደግሞ ይህን ጋዝ አብዝታ የምታወጣው በየሱቁ ያለችው ትንሿ የቤንዚን ሞተር ናት።

ከዚህ አኳያ የባለሱቁ ስሕተት ግልጽ ይመስለናል። ከጀልባው ጎማውን ወሰደ፤ ውኃውን አልወሰደም። ጎማውን በወፍራም ቢለውጠው ወይም በላሜራ ቱቦ ቢተካው ጥቂት ይዘገያል እንጂ አይድንም፤ ጋዝ ከመጋጠሚያውም ከሞተሩ ዙሪያም ያፈተልካልና። የእኛ አስተያየት መርዘም ያለበት የጭሱ መንገድ ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ነው የሚል ነው። ጄኔሬተሩ ከነጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይውጣ፤ በዚያው የግድግዳ ቀዳዳ ሽቦ ይግባበት፤ የሽቦው ዙሪያም ይደፈን። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ጄኔሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመክራል። በበዴሳ መደዳ ሱቆች ይህን ያህል ርቀት የሚገኘው በጀርባ ግቢ ነው፤ ያም የጎረቤት መስኮት ከሌለበት ነው።

ሌባስ? ዝናብስ? ባለሱቁ ወዲያው የጠየቀን ይህንኑ ነበር፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ የብረት ቀፎ በሰንሰለት ታስሮ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ቢደረግለት ሁለቱንም ይመልሳል፤ ማንኛውም የብየዳ ቤት የሚሠራው ነገር ነው። ሽቦው ለሚጭንበት መሣሪያ የሚበቃ ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ወጪው ግን በየጊዜው ከሚቀልጠው ጎማ ጋር ተደምሮ ሲታይ ብዙ አያስፈራም።

የሚያሳስበን የራሳችን ድርሻ ነው። በሳይንስ ትምህርት ክፍሎቻችን የሄሞግሎቢን ቀመር በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የሞተር ዑደትም በሥዕል ይገለጻል፤ ሁለቱ በአንድ ጓዳ ውስጥ እንደሚገናኙ ግን የሚነገረው ተማሪ ጥቂት ነው። በእጅ የሚያዝ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ውስብስብ መሣሪያ አይደለም። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መብራት በጠፋበት የገበያ ቀን ከሱቅ ሱቅ ይዘውት ቢዞሩ የሚያገኙት ቁጥር ለባለሱቁም፣ ለወረዳው ጤና ባለሙያም ከእኛ ጽሑፍ ይበልጥ ይናገራል። የጤና ባለሙያውም የወባ ምርመራው ነጻ ሆኖ ለተመለሰ ወጣት «የምትሠራው ሞተር ባለበት ቤት ነውን?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጨምርለት ጊዜ አይወስድበትም።