አገራችን ከዝርዝሩ ለምን ቀረች?

አዲስ ፕሌይስቴሽን የገዛ የደብረ ማርቆስ ተማሪ መጀመሪያ አካውንት ክፈት ይባላል፤ አገሩንም ይጠየቃል። በዝርዝሩ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ አለች፤ ኢትዮጵያ ግን የለችም። ስለዚህ የጎዛምን ልጅ «የቴክሳስ ነዋሪ ነኝ» ብሎ ሞልቶ ያልፋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ መዋሸት ግድ ከሆነ እንኳ አስበን እንዋሽ። አንድ ጊዜ የተሞላ አገር በዚያው አካውንት ላይ አይለወጥም፤ የመግዣ ካርዱም የዚያው አገር መሆን አለበት። እንግዲህ ካርድ የሚልክላችሁ ዘመድ ለንደን ሳለ አሜሪካን መምረጥ ገንዘብን ውኃ ማስበላት ነው። የልደት ቀንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሞላ፤ ጳጉሜን 3 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2005 ብሎ ይጻፍ። (አሥራ ሦስተኛ ወር ቢፈልግ አያገኝም!)

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ብልኃት ለጊዜው ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱትን ይህንኑ አካውንት ክፈቱ ብሎ ሊያስገድድ ሲነሣ፥ ከዝርዝሩ የቀሩት አገሮች ተጫዋቾች ከሌሎቹ ጋር ሆነው ጮኹ፤ በጥቂት ቀንም ትእዛዙ ተነሣ። እኛስ? ማኅበራችን አቤቱታ ያዘጋጅ፤ እኔ በእውነተኛ አገሬ ስም እፈርማለሁ።