ባጉ የማን ነው? የሠሪው ወይስ የአከፋፋዩ?

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ተጠቃሚው ለማን ይናገር? ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሌላ ናቸው፣ ፓኬጅ አድርገው ያቀረቡለት ሌላ። ለአከፋፋዩ ሲናገር «ይህ የሠሪዎቹ ጉዳይ ነው፣ እዚያ አመልክት» ይባላል። ወደ ሠሪዎቹ ሲሄድ ደግሞ «የያዝከው አሮጌ ቨርዥን ነው፣ አከፋፋይህን ጠይቅ» ይሉታል። ለአንድ ማህተም ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል።

ይህ መንከራተት ከመሰላቸት አልፎ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የዴቢያን የ2006 ታሪክ ያሳያል። ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚተላለፍን መረጃ የሚያመሰጥር፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርቨር የሚደገፍበት ሶፍትዌር ነው። ቫልግራይንድ የተባለው የኮድ መመርመሪያ፣ ፕሮግራሙ ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ እያነበበ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ይደጋግም ነበር። የዴቢያን ፓኬጅ አዘጋጅ ምንጩን ሲፈልግ ሁለት መስመር ኮድ ላይ ደረሰ። ዝም ብሎ አልቆረጣቸውም። ወደ ኦፕንኤስኤስኤል የኢሜይል መወያያ ጻፈ፤ መስመሮቹ ቢወጡ ምን እንደሚያስከትል እንደማያውቅ ገልጾ አስተያየት ጠየቀ። ከሠሪዎቹ አንዱም ስህተት ለመፈለግ የሚረዳ ከሆነ ቢወጡ እንደሚደግፍ መለሰ።

መስመሮቹ ወጡ። ፓኬጁ በሴፕቴምበር 2006 ተለቀቀ። ከሁለቱ አንዱ ግን የምስጢር ቁልፍ የሚሠራበትን የዘፈቀደ ቁጥር የሚመግብ ነበር። እሱ ሲቆረጥ መነሻ ሆኖ የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ያ ቁጥር ደግሞ ያኔ በሊኑክስ በተለመደው አሠራር ከ32,768 አይበልጥም ነበር። ማንም ሊገምተው የማይገባው ቁልፍ፣ አንድ ላፕቶፕ ተራ በተራ ሞክሮ ሊጨርሰው ከሚችል ዝርዝር የሚወጣ ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ በይፋ የተነገረው ሜይ 13 ቀን 2008 ነው። ሃያ ወር ገደማ! ኡቡንቱም ፓኬጁን ከዴቢያን ስለሚወስድ አብሮ ተመታ። ኮዱን ማረም ብቻ አልበቃም፤ በዚያ ጊዜ በእነዚህ ማሽኖች ላይ የተሠራ ቁልፍ ተጥሎ በአዲስ መተካት ነበረበት።

«የማያውቀውን ኮድ ነካ» ብሎ ሰውየውን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ጠይቋል እኮ። ከኦፕንኤስኤስኤል ሠሪዎች አንዱ የሆነው ቤን ሎሪ ያኔ አከፋፋዮችን ክፉኛ ተችቶ ጽፎ ነበር፤ ያረሙትን ለራሳቸው ይዘው ከሚቀመጡ ወደ ሠሪዎቹ ይመልሱት የሚል ነው ሐሳቡ። እዚህ ላይ ልክ ነው። ጥያቄው የተላከበት መወያያ ሠሪዎቹ የሚገኙበት ትክክለኛ አድራሻ አልነበረም መባሉ ግን አያስኬድም። ስለ ልማት መወያያ ተብሎ የተከፈተን በር ያንኳኳ ሰው፣ ሌላ በር መኖሩን በምን ይወቅ?

ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ጥያቄው ተላከ፣ ፓቹ ግን አልተላከም። «ይህን ብናወጣ ምን ትላላችሁ?» የሚል ኢሜይል ያነበበ ሰው፣ ጠያቂው በገዛ ኮምፒውተሩ ስህተት እያደነ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «ይህን ለውጥ ዋናው ኮድ ውስጥ አስገቡልን» ሲባል ግን መቀበል ወይም መከልከል ግድ ነው፤ በስሙ የሚገባን ነገር ማንም በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ይህ ባለመሆኑ ዋናው ኮድና የዴቢያኑ ኮድ ተለያይተው ኖሩ።

የሠሪዎቹ እሮሮም እውነት አለው። የዴቢያን የተረጋጋው እትም አንዴ ከወጣ በኋላ በአብዛኛው የሚገባበት የደኅንነትና የከባድ ስህተት እርማት ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪው ድሮ ስላረመው ባግ ዛሬም ኢሜይል ይደርሰዋል። የኤክስስክሪንሴቨር ጸሐፊ ጄሚ ዛዊንስኪ ይህ አንገፍግፎት ፕሮግራሙ ራሱ «ይህ ቨርዥን በጣም አሮጌ ነው» ብሎ እንዲያስጠነቅቅ አደረገ። በ2016 ማስጠንቀቂያው የዴቢያን ተጠቃሚዎች ስክሪን ላይ ብቅ ሲል ጭቅጭቅ ተነሣ። ቁጣው የሚገባ ነው፤ መልእክቱ የደረሰው ግን ፓኬጁን መለወጥ ለማይችለው ተጠቃሚ ነው።

ስለዚህ ሸክሙ የአከፋፋዩ ነው። በሠሪውና በተጠቃሚው መካከል የቆመው እሱ ነውና። ዴቢያንም ከ1997 ጀምሮ በማኅበራዊ ውሉ የባግ እርማትንና የተጠቃሚን ጥያቄ ለሠሪዎች እንደሚያደርስ ቃል ገብቷል። «ሂድና እዚያ አመልክት» ማለት ይህን ቃል መፈጸም አይደለም።

መንገዱ ወደ ሠሪው ብቻ የሚሄድ መሆንም የለበትም። በ2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ሲመረምር፣ ኤክስዚ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። መጀመሪያ የተነካው የዴቢያን ፓኬጅ መስሎት ነበር፤ ተንኮሉ ግን የመጣው ከሠሪው ወገን ነው። ስለዚህ ሠሪውን ትቶ ለዴቢያን የደኅንነት ቡድን፣ ቀጥሎም አከፋፋዮች በጋራ ለሚጠቀሙበት ዝግ የኢሜይል መስመር አስታወቀ።

በዴቢያን ፓች አናት ላይ፣ ለውጡ ወደ ሠሪው መላክ አለመላኩ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ችግሩ መሙላቱ በፈቃደኝነት መሆኑ ነው። ግዴታ ይደረግ፤ ምስጢር ቁልፍ የሚነካ ፓች ደግሞ «አልተላከም» ተብሎበት ከሆነ ሁለተኛ ሰው ሳያየው አይለቀቅ።